በሽማግሌው ክፍል የገባው በረዶ

ሽማግሌው ኤይለር አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቧል፤ በላዩ ደግሞ ቀለም የነካካው የሥራ ጃኬት ተደርቦላቸዋል። ሐኪሙ የዓይናቸውን ሽፋን ገልጦ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦችን አሳየ።

«በትራስ ታፍነው ነው የሞቱት፤ ትናንት ማታ።»

መርማሪ ጉድሩን ላስን በክፍሉ መካከል ቆማለች። ከአፏ የሚወጣውን እንፋሎት እያየች ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ክፍሉ ግን ውጭ ካለው የስቬንቦርግ ወደብ አይሻልም። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ማሞቂያ ዳሰሰችው። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ ተጠምዝዟል። በመስኮቱ የውስጥ ደፍ ላይ ስስ በረዶ ሳይቀልጥ ተጋግሯል።

«ጃኬቱ የማን ነው?»

«የቢያርከ» አለ ረዳቷ ካርስተን። «ጠዋት ሥራ ሲገባ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ታውቂዋለሽ አይደል? በመስኮት እየገባ ቤት ሲዘርፍ የኖረ ሰው ነው። በአመክሮ ሲወጣ ሽማግሌው ታች ባለው የጀልባ መጠገኛቸው ሥራ ሰጡት። ለእኔ ነገሩ አልቋል።»

«ለአንተ ሁልጊዜ ቶሎ ነው የሚያልቀው» አለችውና ደረጃውን ወረደች።

ታች፣ በጀልባ መጠገኛው ውስጥ፣ ቢያርከ ከተገለበጠ ጀልባ አጠገብ ተቀምጧል። ትልልቅ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ቀብሯቸዋል። እስር ቤት የተነቀሰው ንቅሳት ከሹራቡ አንገት በላይ ብቅ ብሎ ይታያል።

«ክፍሉ ውስጥ ምን ነካህ?»

«ምንም።»

«መስኮቱንስ?»

«ምንም አልነካሁም አልኩ እኮ!»

«ጃኬትህ ግን እላያቸው ላይ ነው።»

ጉድሩን አንድ ባልዲ ገልብጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስማኝ። ክፍሉ ውስጥ በረዶ ገብቷል። በተዘጋ መስኮት በረዶ አይገባም። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ሰው ዘግቶታል። ከዋሸኸኝ ልረዳህ አልችልም።»

ሰውዬው ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

«ቅዳሜ ልጄ ትመጣለች። ሲነ። እኔ ጋ እንድታድር እናቷ ስትፈቅድ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደውለው የለመኑልኝ ሽማግሌው ናቸው። አሁን ካሰራችሁኝ አመክሮው ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ማን ያሳየኛል? ጠዋት ስገባ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የኔን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ክፍት መስኮትና ሬሳ አንድ ላይ ሲያይ ምን ይላል?»

«ስለዚህ ዘጋኸው።»

«የዘጋሁት ስለበረዳቸው ነው» አለ ዓይኑን ሳያነሳ። «መሞታቸውን አይቻለሁ። ግን በጣም በርዷቸው ነበር። ጃኬቱንም ለዚያ ነው ያለበስኳቸው። ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው።»

«መስኮቱ በነፋስ ይወዛወዝ ነበር?»

«አይ። እንዳይንገጫገጭ ከውስጥ በመንጠቆ ተይዟል። መንጠቆውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«ማሞቂያውንስ?»

«ምን ማሞቂያ?»

«መስኮቱ ክፍት እንደነበር ለማን ነግረሃል?»

«ለእርስዎ ብቻ። አሁን።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትናገር» አለችውና ተነሣች።

በባሕሩ በኩል ወደ ውጭ ወጥታ ወደ ላይ አንጋጠጠች። የሽማግሌው መስኮት የሚያየው ውሃውን ብቻ ነው፤ ከግቢውም ከመንገዱም አይታይም። በውጭው ደፍ ላይ ለቀናት የተጋገረው በረዶ የእጅም የእግርም ምልክት የለበትም።

ወጥ ቤት ውስጥ የሟቹ እህት ሶልቫይና የሌላ ወንድማቸው ልጅ አስገር ተቀምጠዋል። ሶልቫይ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው።

«ትናንት ማታ ድምፅ ሰምተዋል?» አለች ጉድሩን።

«እኔ? ጆሮዬ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ካወለቅኩት ወደቡ ቢፈነዳም አልሰማም። ደረጃ ከወጣሁም ቆየሁ። ሾርባውን ያወጣለት አስገር ነው።»

«ከወንድምዎ የተጣላ ሰው ነበር?»

ሶልቫይ ወደ አስገር አዩና ዓይናቸውን መለሱ። «ኤይለር እሑድ ገበታ ላይ ‹መጠገኛውን ለቢያርከ እተዋለሁ› አለ። አስገር ቦታውን አፓርታማ ለሚሠሩ ሰዎች ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ ምግቡን ሳይጨርስ ተነሣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ተናድጃለሁ። ‹ሌባህ› ነበር የምለው ሰውዬውን። ‹ሌባህ ምሳ በላ ወይ?› እያልኩ።»

«አክስቴ፣ ይህ አሁን ምን ያደርጋል?» አለ አስገር። አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። «መርማሪ፣ ማታ አጠብኩት፤ አበላሁት፤ አስተኝቼው ሄድኩ። ደህና ነበር። እኔ አዛውንት መንከባከቢያ ነው የምሠራው፤ የታመመ ሰው አያያዝ አውቃለሁ። ያ ሰውዬ ግን… በመስኮት መግባት ሙያው ነው! ሽማግሌ ገድሎ፣ በዚህ ብርድ መስኮቱን በርግዶ ትቶት መሄድ! ሰው ነው ይህ?»

ጉድሩን ለጥቂት ጊዜ አየችው።

«ዛሬ ወደ ላይ ወጥተሃል?»

«ፖሊስዎ መች አሳለፈኝ። ደረጃው ሥር አቁሞኛል።»

ከጥቂት ቆይታ በኋላ ሁሉንም ወደ መጠገኛው ጠራቻቸው። ሶልቫይ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። አስገር ቆመ። ቢያርከን ካርስተን በቅርብ ይጠብቀዋል።

«ካርስተን፣ ገዳዩ የመስኮት ሌባ ነው ብለሃል» ስትል ጀመረች። «የውጭው በረዶ ግን አልተነካም። ደግሞ ሮጦ የሚያመልጥ ሌባ መስኮቱን በመንጠቆ ይይዛል? ማሞቂያውንስ ያጠፋል?»

«ማሞቂያ የሚያጠፋ ክፍል የሚያናፍስ ሰው ነው» አሉ ሶልቫይ። «ሙቀቱ ለውጭ እንዳይባክን። ኤይለር ግን ከታመመ ወዲህ መስኮት አያስከፍትም።»

«አያስከፍቱም። እንግዲህ መስኮቱ የተከፈተው መከልከል በማይችሉበት ሰዓት፣ ከሞቱ በኋላ ነው። ወይዘሮ ሶልቫይ፣ በመንከባከቢያ ቤት አንድ ሰው ሲሞት አስታማሚው መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

አሮጊቷ ወደ አስገር ዞሩ።

«መስኮት ይከፍታል» አሉ። «ነፍሱ እንድትወጣ።»

አስገር ሣቀ። «ይህንን አገር ሁሉ ያደርገዋል! እስር ቤት የነበረ ሰው አያውቅም?»

«ያውቅ ይሆናል። ቢያርከ ግን ጠዋት ሲመጣ መስኮቱን ዘግቶታል። ነፍስ እንድትወጣ የከፈተ ሰው ተመልሶ አይዘጋም። እንደተከፈተ ያየው እሱ ብቻ ነው፤ የተናገረው ለእኔ ብቻ ነው። ከግቢው አይታይም፤ አንተም ወደ ላይ አልወጣህም። ታዲያ ‹በርግዶ ትቶት ሄደ› ያልከኝ ከየት አምጥተህ ነው?»

«አክስቴ ናት… አክስቴ ነግራኝ ነው።»

«እኔ?» አሉ ሶልቫይ። «እኔ በምን ዓይኔ አይቼ?»

ቢያርከ ሊነሣ ሲል ካርስተን ትከሻውን ያዘው፤ ወዲያው ግን እጁን አነሣ።

«ቢያርከ ላይ ለማሳበብ ብለህ አልከፈትከውም» አለች ጉድሩን ቀስ ብላ። «ያ ቢሆን መቆለፊያውን ትሰብር፣ በረዶውን ትረግጥ ነበር። የማሳበቡ ሐሳብ የመጣልህ ዛሬ ነው። ትናንትና ግን ትራሱን አንሥተህ፣ ብርድ ልብሱን አስተካክለህ፣ እጅህ የለመደውን ሥራ ሠራ።»

አስገር ወደ አክስቱ ዞሮ እንደ ተበደለ ሰው ጮኸ፦

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዘግቼበት ልሂድ?»

ካርስተን ካቴናውን አወጣ።

አስገርን የጫነው የፖሊስ መኪና ከግቢው ከወጣ በኋላ ቢያርከ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ መካከል ላይ ቆሞ ቀረ። ጉድሩን በአጠገቡ ስታልፍ «ለአመክሮ ቢሮው ራሴ እደውላለሁ፤ ምስክር ነህ እላቸዋለሁ» አለችው። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

ሶልቫይ ጀልባውን ተደግፈው ተነሡ።

«መርማሪዋ ሬሳው እስከ ቅዳሜ ለቀብር ይደርሳል ብላኛለች» አሉት። «ሣጥኑን የሚሸከሙ ስድስት ወንዶች ያስፈልጉኛል። አሁን አምስት ናቸው ያሉኝ።»

«ቅዳሜ ልጄ…»

«ይዘሃት ና። ከእኔ ጎን ትቀመጣለች።»

«ጥቁር ኮት እንኳ የለኝም፣ ወይዘሮ ሶልቫይ።»

«ኤይለርም አልነበረውም። በራስጌ በኩል የቅርብ ዘመድ ነው የሚይዘው፤ የአስገር ቦታ ነበር። አንተ ትይዘዋለህ።» ክንዱን ጨበጥ አደረጉት። «ወንድሜ ከባድ ሰው ነው። አጥብቀህ ያዘው።»