የመዛኙ አሟሟት

መዛኙ የተገኘው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ በሁለት የብረት መደርደሪያዎች መካከል በጀርባው ተዘርሮ ነው። ከእግሩ ሥር አጭር መሰላል ወድቋል። ከቀኝ እጁ አጠገብ አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ወደ መጨረሻው ተገልጦ፣ እላዩ ላይ እርሳስ ተጋድሞበታል። ላየው ሰው፣ ሥራውን ሳይጨርስ ወድቆ የቀረ ይመስላል። ኢንስፔክተሯ ግን «ይመስላል» የሚባል ነገር አይዋጥላትም። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ምሳ ቀረበ ሲሏት እንኳ ለምን ሳትል አትቀመጥም እያሉ ያሟታል።

«ጠዋት በሩን ስከፍት ነው ያገኘኋቸው» አለ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ። «ጮኼ ስወጣ የሕክምና ተመራማሪው ዶክተር ደረጃው ላይ ነበሩ። ይዣቸው ወረድኩ። አንገታቸውን ዳሰሱና አልቋል አሉኝ።»

«ሌላስ ምን ነኩ?»

«ምንም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ።»

የአስከሬን መርማሪው ቀድሞ ነግሯታል። ሟቹ የሞተው ትናንት ከሥራ መውጫ በኋላ ነው፤ የኋላ ጭንቅላቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፤ ሁለቱም ክንዶቹ ላይ የጣት ሰንበር አለ። ራሱን በክንዱ ይዞ የሚገፈትር ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አልገጠማትም።

ጎንበስ ብላ የተገለጠውን ገጽ አነበበች። የወንዞችና የከተሞች ስም በፊደል ተራ ተደርድሯል፤ ከየስሙ ጎን የገጽ ቁጥር አለ። ከግድግዳው ሥር በቆመው የመጽሐፍ ጋሪ ላይ ደግሞ ሌሎች አሮጌ የታሪክ መጻሕፍት ተከምረዋል። ከሁሉም መካከል ቁርጥራጭ ወረቀት ብቅ ብሏል፤ የሚገርመው ግን ወረቀቶቹ እንደ ወጉ በላይ ሳይሆን በገጾቹ ግርጌ በኩል መሰካታቸው ነው። ለምን? ጥያቄውን በልቧ ያዘች።

ሰውየው መዛኝ የተባለው በሥራው ነው። አንድ ተመራማሪ ምን ያህል ጽሑፍ እንዳወጣ፣ ሌሎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት ከኮምፒዩተር እየለቀመ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ነገ የአስተዳደር ጉባኤው ይሰበሰባል፤ ትልቅ ቁጥር ያለው የአዲሱ የምርምር ማዕከል አለቃ ይሆናል፤ ትንሽ ቁጥር ያለው የትምህርት ክፍሉ ይዘጋበታል። በዚህ ግቢ መዛኙን ፈገግ ብሎ ሰላም የሚለው ብዙ ነው፤ የሚወደው ግን ጥቂት ነው።

ሁሉም ጣቱን የቀሰረው በታሪክ መምህሩ ላይ ነበር። ቁጥሩ ከሁሉም ያንሳል። «ይህ ሰውዬ በቁሜ ቀበረኝ፤ እኔም አልተኛለትም!» ብሎ በስብሰባ መሐል ፎክሯል። ከሟቹ አጠገብ የተገኘው መጽሐፍ የራሱ ድርሰት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል። አለቃዋ ከወዲሁ ስልክ ደውሎ «ምን ትጠብቂያለሽ? እሰሪው እንጂ!» ብሏታል።

«ገድለውታል?» አለችው፣ ቢሮው ገብታ።

ሽማግሌው ቀና አላለም። «ተመኝቻለሁ። መመኘት የሚያሳስር ከሆነ ይኸው እጄ።»

«መጽሐፉ የእርስዎ ነው።»

«ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነዋ! እሱ ግን እንዳልተጻፈ ቆጠረው። ኮምፒዩተሩ መጽሐፍ አያነብማ!»

ቁጣው የእውነት ነበር፤ ዓይኑ ግን ከልቅሶ ቀልቷል። ለራሱ ያለቀሰ ይሁን ለሟቹ፣ ኢንስፔክተሯ መለየት አልቻለችም። ስለዚህ ጠረጠረችው።

ከበሩ ውጭ የሟቹ ሚስት ክንዷን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ባሌን ነገ እቀብራለሁ። ወንድሜንም ከወሰድሽብኝ ማንን አቅፌ ነው የማለቅሰው? እሱ ነው ካልሽኝስ... ገዳዩን ነው ወይስ ወንድሜን የምጠላው?»

ኢንስፔክተሯ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። «ባልሽ ሰሞኑን ምን ይሠራ ነበር?»

«እንጃ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አቧራ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ምንድን ነው ስለው፣ "ጥፋቴን እየለቀምኩ ነው" ይለኛል።»

ዶክተሩ የተቀበላት ወንበር ስቦ ነው። በየግድግዳው ሽልማት ተሰቅሏል፤ ቁጥሩ ከግቢው አንደኛ ነው፤ ማዕከሉ የእሱ እንደሚሆን ከተወራ ሰንብቷል።

«ሟቹ አዲስ ሚዛን ሊያመጣ ነበር ይባላል» አለች።

«ነግሮኛል። እኔ ምን አገባኝ? በየትኛውም ሚዛን ብትሰቅዪኝ አንደኛ ነኝ። ይልቅ መጽሐፉን ተመልከቺ፤ የማንን ሲቆጥር እንደሞተ እሱ ይነግርሻል።»

«መጽሐፉን ነክተውት ነበር?»

«ለምን ብዬ?»

ለምን የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ደስ አይላትም። አመስግናው ወጣች።

የመጨረሻዋ የሒሳብ መምህሯ ነበረች፤ እጇ ጠመኔ የለበሰ፣ ስትናገር የምትጣደፍ ወጣት።

«እኛ የሒሳብ ሰዎች ዘንድ አንድ ጽሑፍ አምስት ጊዜ ከተጠቀሰ ድግስ ነው» አለች። «ሐኪሞቹ ዘንድ አምስት ማለት ማንም ዞር ብሎ አላየውም ማለት ነው። እነሱ ብዙ ናቸው፤ ቶሎ ቶሎ ይጽፋሉ፤ ቶሎ ቶሎ ይጠቃቀሳሉ። ይህን በአንድ ሚዛን ማየት ግፍ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ጮህኩ! በመጨረሻ ለመዛኙ ገባቸው። አዲሱ ሚዛን ሰውን ከራሱ ሙያ ሰዎች ጋር ነው የሚያስተያየው። ሠላሳ ሰው ስሙን ያኖረበትን ጽሑፍም ለሠላሳ ያካፍለዋል።»

«አንቺም ከፍ ትያለሽ ማለት ነው።»

ልጅቷ ቀላች። «እላለሁ። ለዚህ ብዬ ግን አልገድልም! የሚጠቅመኝ በሕይወት ቢኖሩ ነበር።»

«እውነትሽን ነው። ለምን ታዲያ ቶሎ አልጨረሳችሁም?»

«የታሪክ መምህሩ የጋሼ ቁጥር ቀርቶን ነዋ። እሳቸውን የጠቀሱት መጻሕፍት ኮምፒዩተር ላይ የሉም። መዛኙን ምነው ዘገዩ ብላቸው፣ "የታሪክ ሰዎች ምንጫቸውን እንደኛ መጨረሻ ላይ አይደረድሩም፤ በየገጹ ግርጌ ነው የሚጽፉት፤ ገጽ በገጽ እየገለጥኩ ነው" አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ ከወንበሯ ብድግ አለች። «በይ ነይ፤ ሁላችሁንም ምድር ቤት እፈልጋችኋለሁ።»

በመደርደሪያዎቹ መካከል ተሰበሰቡ፤ የታሪክ መምህሩ ራቅ ብሎ፣ እህቱ በሌላው ጥግ፣ ዶክተሩ በመሐል፣ የሒሳብ መምህሯና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በሩ አጠገብ። ኢንስፔክተሯ የታሪክ መጽሐፉን በጓንት ይዛለች።

«ሟቹ እዚህ የሚወርደው ለምን ነበር? የሚስቱ ወንድም ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ሊቆጥር። ይህን ለመቁጠር የሚገለጠው የማን መጽሐፍ ነው? የሌሎች። እነሱ ጋሪው ላይ ናቸው፤ በየግርጌው ወረቀት ተሰክቶባቸዋል፤ ማስታወሻው ያለው እዚያ ነውና። ታዲያ የራሳቸው የታሪክ መምህሩ መጽሐፍ ከሬሳው አጠገብ ምን ይሠራል? ጥርጣሬውን ወደ እሳቸው ሊመራ የፈለገ ሰው አስቀመጠው።»

መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ገለጠችው።

«ያ ሰው ሟቹ ጥቅስ እንደሚቆጥር ያውቃል። ስለዚህ መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ገለጠው፤ በእሱ ሙያ ምንጭ የሚደረደረው እዚያ ነዋ። በጥድፊያ ገጹን እንኳ አላነበበም። እዚህ ገጽ ላይ ግን ያለው የወንዝና የከተማ ስም ነው! የታሪክ መምህሩ የገዛ መጽሐፋቸውን እንዲህ አይስቱም። የሒሳብ መምህሯም አትስትም፤ ጥቅሱ በግርጌ እንደሆነ ሟቹ ነግሯታል። ማን ቀረ?»

ዶክተሩ ሳቀ። «በአንድ ገጽ ሰው ልትወነጅዪ ነው?»

«ቁጥራቸው በአዲሱ ሚዛን ምን ሆነ? ንገሪያቸው» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ።

«ለጻፉት ሰዎች ሲካፈል... ከሐኪሞቹ መካከለኛ በታች ወረደ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ትናንት ጠዋት መዛኙ ራሳቸው ነግረዋቸዋል።»

«ሽፋኑ ላይ ደግሞ የእርስዎ አሻራ ተገኝቷል። አልነካሁትም ብለውኛል።»

«ሬሳውን ሳይ ነክቼው ይሆናል!»

«የለም» አለ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ። «አጠገብዎ ነበርኩ። እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ነበር።»

ዶክተሩ ኩም አለ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ለመንኩት! አንድ ዓመት ብቻ አዘግየው አልኩት። መላ ዕድሜዬን የገነባሁትን በአንድ ማካፈል ሊያፈርሰው! "እውነቱ ይሄ ነው" እያለ ወደ መሰላሉ ዞረ፤ ጀርባውን ሰጠኝ። ሁለቱንም ክንዶቹን ይዤ ወደ እኔ አዞርኩት፤ ከዚያ... ገፋሁት።» አነጋገሩ ሁሉ ገና እንደተበደለ ሰው ነበር። ፖሊሶቹ እጁን ሲይዙት እንኳ ወደ ሟቹ ሚስት አልዞረም።

እሱን ይዘው ከወጡ በኋላ የታሪክ መምህሩ ወደ ጋሪው ሄደ። ከላይ ያለውን መጽሐፍ አነሳና ወረቀቱ የተሰካበትን ገለጠ። ከግርጌው የገዛ ስሙ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሌላውንም ገለጠ። እዚያም ስሙ አለ።

«ለእኔ ነው የወረደው?»

«ለእርስዎ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ጋሼ» አለች የሒሳብ መምህሯ፣ ልታጽናናው ብላ፣ «እስካሁን በተለቀመው ብቻ ከሙያዎ ሰዎች እርስዎ...»

«አትንገሪኝ!» አለ ሽማግሌው። «በእናትሽ አትንገሪኝ። በዚህ ቁጥር ምክንያት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍጌዋለሁ።» መደርደሪያውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እህቱ መጥታ እጁን ያዘች። «ና፣ ወንድም ጋሼ። ለቀስተኛው መጥቷል፤ ቤቱ ያለ ወንድ ነው።»

«በምን ዓይኔ ነው የምገባው፣ እህት ዓለም?»

«እንደ ድሮው ነዋ» አለችው። «ሳታንኳኳ።»