ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

«የቬንትሌተሩ ፊውዝ የለችም» አሉ ጋሽ ሽቦ፣ ከመሪው ሥር ካጎነበሱበት ቀና ሳይሉ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪው ሽማግሌ ሰፈሩ የሚያውቃቸው በዚሁ ቅጽል ስም ነው። ሚኒባሱ የአንዲት ተማሪ ልጅ እናት ንብረት ነው፤ ጠዋትና ማታ ተማሪ ታመላልስበታለች። ዛሬ ጠዋት ግን ዳገቱ መሃል ላይ የሞተሩን ውሃ የሚያበርደው ቬንትሌተር አልሠራ ብሎ ውሃው ፈላ፤ አሥራ አራት ሕፃናት መንገድ ዳር ተኮልኩለው ሲያለቅሱ መኪናው ተጎትቶ ግቢ ገባ።

«እንዴት ነው የማትኖረው? ባለፈው ሳምንት እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ የሰኩት?» አለች እናት። «ጋሼ» ማለቱን እንኳን ትታዋለች።

ልጅቷ የቤቱ በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ፊውዟ የት እንደገባች ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቤቱ በታናናሾቿ ጫጫታ ስለሚናጥ የምታጠናው ግቢ ውስጥ በቆመው ሚኒባስ ነው፤ እናቷ «ፕሮፌሰሯ» የምትላትም ለዚህ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ እናቷ ተማሪዎቹን አድርሳ እንደተመለሰች፣ የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ ስትገባ ሞተሩ ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ብቻውን ያጓራል። ባለፈው ወር ሬዲዮ ከፍታ ስታጠና ባትሪውን ጨርሳው የወረደባት ቁጣ ትዝ አላት። ይሄም ሊጨርሰው ነው ብላ ፈራች። እውነቱን ለመናገር ጩኸቱም አሰልችቷት ነበር። ጋሽ ሽቦ ሲሰኩ አጠገባቸው ቆማ ስላየች ፊውዟን ነቅላ ኪሷ ከተተች። በኋላ መልሳ ልትሰካት አስባ፣ ጭልጥ አድርጋ ረሳችው። ዛሬ ለምሳ መጥታ የሆነውን ስትሰማ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ቦይ ውስጥ ወረወረቻት።

«ቆይ፣ ቬንትሌተሩ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም የሚሠራውስ ለምንድን ነው? እሱ ይሆን ያበላሸው?» አለች እናት።

«እሱማ ሆን ብዬ ነው። ሞተር ሲጠፋ ውሃው መዞሩን ያቆማል፤ ሙቀቱ ግን ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያበርድና ራሱ ይጠፋል።»

ራሱ ይጠፋል! ሁለት ደቂቃ መታገስ አቅቷት ነው ይሄ ሁሉ ጉድ የመጣው። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

ጋሽ ሽቦ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «በደንብ ሳላጠብቃት ቀርቼ ወድቃ ይሆናል። ሰሞኑን ዓይኔ ብዥ ይልብኛል። ልጆቼ ‹በቃህ፣ ተው› ሲሉኝ ‹ምን ሆንኩና!› እያልኩ...» የፊውዙን ሳጥን በጣታቸው ዳሰሱ። «ያን ሁሉ ሕፃን ፈጅቼ ነበር እኮ። በቃኝ። ከነገ ጀምሮ ሱቁን እዘጋለሁ።»

 ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን እናትም አምናለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ልጅቷን ለአንድ አፍታ ቀለል አላት። ቀለል ማለቱ ራሱ ግን አስጠላት።

ሽማግሌው ካቻቪቴዎቻቸውን ሰበሰቡ። ፒንሳውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ሳጥኑን ዘግተው ወደ ግቢው በር አመሩ። ልጅቷ ሮጣ ከፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም።»

«አይ የኔ ልጅ፤ አንቺ ደግሞ ምኑን ታውቂዋለሽ?»

«አውቃለሁ።»

እናቷ መኪናው አጠገብ እንደቆመች ናት። በሹክሹክታ ብትነግራቸው ይበቃ ነበር፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ሳይደብቁላት አይቀሩም። ወደ እናቷ ዞረች፤ ለሁለቱም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ነቅዬ የወሰድኳት እኔ ነኝ» አለች።