የጋሽ ዓብዩ ስንጥቅ ሸክላ

ሮሃ ሰኞ ጠዋት የእናትነሽን ሱቅ ስታንኳኳ ሱቁ ገና አልተከፈተም ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስትሠራ የምትውለው ልጅ የራሷን አላበጠረችም። እናትነሽ ይህን ስታይ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ከመስማቷ በፊት ገባት።

«ጋሽ ዓብዩ ሞቱ» አለች ሮሃ። «ወንድሜን ፖሊስ ወሰደው።»

እናትነሽ አዲስ አበባ ሳለች ዐሥራ ስምንት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ጆሀንስበርግ ውስጥ ግን ብርድ ልብስ ትሸጣለች። ሐበሻው ሁሉ አሁንም «ሳጅን» ይላታል፤ ግማሹ አክብሮ፣ ግማሹ እየቀለደ። ማዕረጉ እዚህ አገር አንድ ብርድ ልብስ እንደማያወጣ ታውቃለች። ሲጠሯት ግን ደስ ይላታል።

ሟቹ ጋሽ ዓብዩ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ሂልብሮው ሰፈር ውስጥ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሽኩር የሚባል ነጋዴ በተከራየው ፍላት አንዷን ክፍል ይዘው ይኖሩ ነበር። ሥራቸው በእጅ የሚጠመዘዙ አሮጌ ግራሞፎኖችን መጠገን፣ ፍቅራቸው ደግሞ ሸክላ ነበር። ሽማግሌ ነጮች ሲሞቱ ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ አውጥተው ይሸጣሉ። ጋሽ ዓብዩ ሶፋውንና ቁም ሣጥኑን ዘለው፣ የመቶ ዓመት ዘፈኖች የታጨቁበትን ካርቶን ፍለጋ ይገባሉ። ከሁሉ የሚሳሱለት ግን አንድ የአማርኛ ሸክላ ነበር፤ በማሲንቆ የታጀበ የፍቅር ዘፈን፣ በዚያ ዘመን ባሕር ተሻግሮ የተቀዳ። የዘፋኙ ስም ከላዩ ላይ ተፍቆ ጠፍቷል። ሸክላው ስንጥቅ ስላለበት፣ እንዳይብስባቸው ብለው በጨርቅ ጠቅልለው ነበር የሚያስቀምጡት።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ እዚያው ፍላት የሚኖረው የሮሃ ወንድም ሀይለየሱስ ከከተማው ወጣ ካለችው ቴምቢሳ፣ ስፓዛ ከሚሉት የመንደር ሱቅ ሥራው ሲመለስ ሽማግሌውን ወለሉ ላይ ወድቀው አገኛቸው። የራስ ቅላቸው ጀርባ ከብረት ሣጥናቸው ጥግ ጋር ተጋጭቷል። ጮኸ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሶቹ አስከሬኑን አስነስተው ሲሄዱ ሀይለየሱስንም መኪና ውስጥ አስገቡት። ዓርብ ዕለት በግራሞፎኑ ጩኸት ከሽማግሌው ጋር ተጣልቶ «አንድ ቀን እሰብረዋለሁ» ሲል ፎቁ ሁሉ ሰምቶት ስለነበር፣ ለምን እንደተወሰደ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ጣቢያ ሄዶ ያነጋገራቸው አለ?» አለች እናትነሽ።

«ማን ይሄዳል ሳጅን? የማናችን ፔፐር ነው ደህና?»

የእናትነሽም አሳይለም የሚሉት የጥገኝነት ወረቀት ከመጋቢት ወዲህ አልታደሰም። በጣቢያው ደጃፍ ላለማለፍ በየቀኑ ሁለት መንገድ ዞራ ነው ቤቷ የምትገባው። ስለዚህ ነገሩን በዚያው አለፈችው። ልጁን ለማስፈታት ገዳዩን ማግኘት ይበቃል ብላ አሰበች፤ ገዳይ ማግኘት ደግሞ ታውቅበታለች።

«አይዞሽ፣ አወጣዋለሁ» አለቻት። ይህን ማለት አልነበረባትም።

የጋሽ ዓብዩ ክፍል አልታሸገም ነበር። አሻራ የፈለገ፣ ቦታውን የለካ ሰው ምልክት የለም። እናትነሽ የዚህን አገር ፖሊስ በሆዷ ታዘበችና ሮሃን ወደ ሥራዋ ልካ ብቻዋን ቀረች። ግራሞፎኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ያ የማሲንቆ ሸክላ ከጨርቁ ወጥቶ ላዩ ላይ ተቀምጧል። እጀታውን ብትሞክረው ግማሽ ዙር እንኳ አልሄደላትም፤ ሞላው እስከ ጥግ ድረስ ተጠምዝዟል። መርፌዋም አዲስ ናት፣ ጫፏ ያብለጨልጫል። አጠገቧ ያለች ትንሽ ቆርቆሮ ጫፋቸው በደነዘዘ መርፌዎች ተሞልታለች። ሽማግሌው አንድ ገጽ ባስደመጡ ቁጥር መርፌ እንደሚለውጡና ሞላውን እንደገና እንደሚያጠነጥኑ ሮሃ ነግራታለች። አንድ ገጽ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው።

እናትነሽ መርፌዋን በቀስታ አሳረፈቻት። ሸክላው ከዳር እስከ መሀል ስለተሰነጠቀ በዞረ ቁጥር «ቀጭ» ይላል። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ማሲንቆው ገባ፤ ከዚያ ድምፁ ከመቶ ዓመት በፊት የተቀዳ ሰው ስለ አንዲት ቆንጆ ዓይን መዝፈን ጀመረ። እናትነሽ ቆማ አዳመጠችው። ግጥሙን ሰምታው አታውቅም፤ ዜማውን ግን ታውቀዋለች፤ ከየት እንደምታውቀውም ወዲያው ትዝ አላት። ደስ አላላትም።

ከዚያ የሽኩርን ሚስት ባህሪያን አነጋገረቻት። ባህሪያ እሑድ ሎድሼዲንግ ሆኖ መብራት ስለጠፋ ከጋሽ ዓብዩ በር አጠገብ ባለው መታጠቢያ ቤት ቁጭ ብላ ልብስ በእጇ ስታጥብ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ አጵሎስ እንደ ወትሮው ከቸርች ሲመለስ በባትሪ የሚሠራውን ስፒከሩን በብብቱ ይዞ ጋሽ ዓብዩ ክፍል ገባ። አጵሎስ የታወቀ ዘማሪ ነው፤ ከጋሽ ዓብዩ ጋርም እንደ አባትና ልጅ ነበሩ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሲወጣ «ዘፈናቸውን እየሰሙ ነው፣ አትረብሿቸው» ብሏት ሄደ።

«ምን ዓይነት ዘፈን ነበር?» አለቻት እናትነሽ።

«ሁልጊዜ የነጭ ነው፤ እሑድ ግን የአማርኛ ማሲንቆ። እንዲህ ጥርት ያለ። አንዱን ዘፈን አሥር ጊዜ ሳይሆን አይቀርም የሰሙት፤ አጥቤ እስከምጨርስ ፋታ አልሰጠኝም።»

«በመሀሉ ዝም አይልም ነበር?»

«የት ዝም ሊል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል።»

«ከአጵሎስ በኋላ ማን ገባ?»

ባህሪያ አንገቷን ደፋች። «ሀይለየሱስ ብቻ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘፈኑ አበቃ፤ ትንሽ ቆይቶ ልጁ መጣ። ዋላሂ፣ ሌላ ሰው ባየሁ ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት።»

ሽኩርም የሚስቱን ቃል አጠናከረ። አጵሎስ ከፎቅ ወርዶ ምድር ቤት ወዳለው የሽኩር ሱቅ እንደገባ፣ ሳይለመን የስኳር ከረጢት በሁለት እጁ እየተሸከመ ሲያግዘው እንደነበር፣ ጩኸቱን ሲሰሙም አብረው እንደሮጡ ነገራት። ሌላው ሰው በር ላይ ቆሞ ሳለ ክፍሉ ውስጥ ቀድሞ የገባው አጵሎስ ነው። እያለቀሰ ለሽማግሌው ብርድ ልብስ አለበሳቸው፤ ፖሊስ ሳይደርስም ስፒከሩን አንስቶ ወጣ። ሽኩር ይህን ሲናገር በአጵሎስ ደግነት እየተደነቀ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እናትነሽ አጵሎስን ራሱን አገኘችው። ዓይኑ አብጧል። ስለ ማሲንቆው ሸክላ ስትጠይቀው አይቶትም ሰምቶትም እንደማያውቅ ነገራት። ሮሃ ግን ሌላ ነገር ታውቃለች፦ ጋሽ ዓብዩ በክረምቱ ሸክላውን ለአጵሎስ ሰጥተውት፣ በኮምፒውተሩ ገልብጦ የስንጥቁን ድምፅ ከላዩ ላይ አጥፍቶላቸው ነበር። «ያንን ያህል ተጠንቅቀው ለሰው ሲሰጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው» አለች።

በዚያው ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ እናትነሽ የጠራቻቸው አራቱም የጋሽ ዓብዩ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሽኩርና ባህሪያ አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ሮሃ የበሩን መቃን ተደገፈች፣ አጵሎስ መስኮቱ ጋ ቆመ። እናትነሽ መርፌ ለውጣ፣ ሞላውን ጠምዝዛ ሸክላውን ለቀቀችው። ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ።

«ባህሪያ፣ እሑድ የሰማሽው ይህን ነው?»

«ዘፈኑ እሱ ነው። ይኼ ቀጭ ቀጭ ግን አልነበረም።»

ዘፈኑ አለቀና ሸክላው ባዶውን ይሽከረከር ጀመር። እናትነሽ ጣቷን አሳርፋ አስቆመችው። ባህሪያ ዘፈኑን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ መስማቷን እናትነሽ አስታወሰቻቸው። ይህ ዕቃ ግን በየሦስት ደቂቃው እጅ ይፈልጋል፤ መርፌ ይለወጣል፣ ሞላ ይጠመዘዛል። አሥር ጊዜ ቢዘፍን አሥር ጊዜ ዝም ማለት ነበረበት። ሰኞ ስታየው ደግሞ ሞላው ጥብቅ፣ መርፌዋም ያልተነካች ነበረች። ጋሽ ዓብዩ ሸክላውን ለማስደመጥ አዘጋጅተውት ነበር እንጂ አላስደመጡትም።

«ስለዚህ ባህሪያ የሰማችው ከግራሞፎኑ የወጣ አይደለም» አለች። «ያንን ዘፈን ያለ ስንጥቁ ሌላ ቦታ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ስፒከሩን ይዞ ገባ፤ ዘፈኑን እንዲደጋግም አድርጎ ትቶት ባዶ እጁን ወረደ፤ ከሽኩር ጋር በሁለት እጁ ከረጢት ተሸከመ። ሀይለየሱስ ሲጮህ ቀድሞ ገብቶ ስፒከሩን አነሳ። ዘፈኑ ሲጀምር ጋሽ ዓብዩ በሕይወት አልነበሩም።»

ሽኩር ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። አጵሎስ አልተንቀሳቀሰም።

«ለምን ብሎ?» አለ ሽኩር። «ይወዳቸው የለም እንዴ?»

ሮሃ ግን አፏን በእጇ ይዛለች። ዜማውን እሷም አውቃዋለች። ሽኩርና ባህሪያ ሙስሊሞች ናቸው፤ አያውቁትም። ሮሃና እናትነሽ ግን ላለፉት አራት ዓመታት በየሱቁ፣ በየሠርጉ ሲሰሙት ኖረዋል። አጵሎስን ከዚህ እስከ ኬፕታውን ያስጠራው መዝሙር ነው፤ በጾም በጸሎት ሳለሁ ከላይ ተሰጠኝ ብሎ በሕዝብ ፊት ያለቀሰበት። ሳጅን የሰው ገመና መዘርዘር ለምዳ ኖራለች፤ የዚህን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው። ልጁ አሳዘናት።

«ጋሽ ዓብዩ ሊያዋርዱህ ነበር?» አለችው።

«አይደለም» አለ አጵሎስ። «የሰውየውን ስም ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፣ ከእሱ ነው የወሰድኩት ብለህ አንዴ መድረክ ላይ ጥራልኝ ነው ያሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። እንዴት ብዬ ልበል? ምን ብዬ እንደመሰከርኩ ሁሉም ያውቃል። ሸክላውን ሊያሰሙኝ ሲሉ ልቀማቸው እጃቸውን ያዝኩ። ገፋ አደረግኋቸው እንጂ አልመታኋቸውም።»

«ማን ነው ስሙ?»

«አልነገሩኝም። ከዚያ በፊት ወደቁ።»

እናትነሽ ልታስገድደው እንደማትችል ታውቃለች። ካቴና የላትም፣ ማዘዣ የላትም፣ ከዚህ በር ቢወጣ የምታሳድድበት ሥልጣን የላትም። ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሀይለየሱስ በአንተ ፋንታ ታስሯል» አለችው። «ነገ ከእኔ ጋር ሄደህ ከተናገርክ እሱ ይወጣል።»

አጵሎስ ሮሃን አያት። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አለ። «ስለ እሱ ብዬ።»

ረቡዕ ጠዋት ሦስቱ ጣቢያው ደረሱ። ሮሃ ወንድሟ ሲወጣ የሚለብሰው ንጹህ ሸሚዝ በላስቲክ ይዛለች። እናትነሽ ለወራት ስትሸሸው የኖረችውን ደረጃ ወጣች። ባንኮኒው ላይ ያለችው ፖሊስ «ሳውቦና፣ ማማ» ብላ በሰላምታ ተቀበለቻት፤ ፔፐር አሳዪኝ ያላት ማንም አልነበረም። አጵሎስ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁሉንም ተናገረ። ፖሊሷ ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ አለቃዋን ጠራች፤ ወደ ውስጥ ወሰዱት። ሲገባ ወደ ኋላ ዞሮ ሮሃን «አሁን ይወጣል» አላት።

እናትነሽ ወደ ባንኮኒው ተመለሰችና እንግዲህ ሀይለየሱስን ልቀቁልን አለች። ፖሊሷ መዝገቡን ገለጠች፤ ግንባሯን ቋጠረች። ያ ሰው በሽማግሌው ሞት ተጠርጥሮ አያውቅም አለቻቸው። የሽማግሌው ሞት የተመዘገበው ወድቀው ሞቱ ተብሎ ነው። ልጁን የያዙት ወረቀቱ ጊዜው ስላለፈ ነበር፤ ማደሻ ቀጠሮ አለኝ፣ የቀጠሮው ወረቀት ቤት ነው ይል ነበር። ይዞለት የሚመጣ ሰው ቢኖር በሰዓቱ ይለቁት ነበር። ሁለት ቀን ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ዛሬ ማለዳ ከሌሎች ጋር ወደ ስደተኞች ማቆያ ተጭኗል፤ ወደ አገሩ የሚልኩት የማቆያው ሰዎች ናቸው፣ ከዚህ ጣቢያ እጅ ወጥቷል።

ሮሃ እንግሊዝኛው ከእናትነሽ የተሻለ ይገባታል። ማንም ሳይተረጉምላት ጨረሰችው።

«የቀጠሮው ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነው» አለች። «እሑድ ማታ አይቼዋለሁ።»

እናትነሽ ፖሊሷን እንደገና ለመነቻት። አለቃውን አስጠራች፣ ስልክ እንዲደውሉ ጠየቀች፣ በመጨረሻም ድሮ እኔም እንደ እናንተ ፖሊስ ነበርኩ አለቻቸው። አለቃው በትሕትና ሰማትና እንደማይችል ነገራት። ከኋላቸው ሰልፍ ተሠርቶ ነበር፤ ፈቀቅ በሉ ተባሉ።

ግድግዳው ጋ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሮሃ ላስቲኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ሸሚዙን ከውጭ በመዳፏ ታለሰልስ ጀመር። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ነገሩን ለራሷ ለማስረዳት የምትሞክር ነው የምትመስለው።

«ሳጅን» አለች፣ «ሰኞ እኮ እርስዎ ጋ ነው የመጣሁት።»