«መልስ!» ያላለው መስኮት

አዛውንቱን ሞተው ያገኘቻቸው ቁርስ ይዛ የገባችው ሴት ልጃቸው ናት። ከንፈራቸው ተሰንጥቋል፤ ትራሱም ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ሰውየው ታፍነው እንደሞቱ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም። ከአልጋው አጠገብ ባዶ ሻንጣ ተከፍቷል። ልብሶቹ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅለዋል።

መሬት ያለው አዛውንት ጧሪ አያጣም፤ ጭንቁ መምረጡ ላይ ነው።

«ዛሬ መጦሪያ ቤት ላስገባቸው ነበር የመጣሁት» አለ ወንድ ልጃቸው፣ የከተማ ሹፌር። «መሬቱን በገንዘብ አከራይተን በኪራዩ ልንከፍል።»

«እስካሁንስ ማን ይጦራቸው ነበር?»

«አራሹ። ኪራይ አይከፍልም፤ በምትኩ ያበላቸዋል፣ ያጥባቸዋል። በእጁ እያሉ ከሞቱ ማረሱን ይቀጥላል፤ ትተውት ከሄዱ ግን መሬቱን ያጣል። ውላቸው እንዲህ ነው።»

«ማታ ቤት ውስጥ የነበረው ማነው?»

«እኔና እህቴ» አለ ሹፌሩ፤ ፊቱ ጠቆረ።

አራሹ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ ገባ።

«ጎህ ሲቀድ በሬዎቼን ጠምጄ ወጣሁ፣ እመቤቴ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው በመስኮቱ ‹መልስ!› እያሉ ሲጮሁብኝ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ዝም አሉ። እንቅልፍ ወሰዳቸው ብዬ ተውኩት።»

«‹መልስ› ምንድን ነው?»

«መስኮቱ ሥር ያለችውን የሽንኩርት መደብ የተከለቻት እናታችን ናት» አለች ልጅቷ። «ማረሻ እንዳይነካት አባባ ‹በሬዎቹን መልስ› እያሉ ይጮሃሉ። በሬዎቹ እንኳ ድምፃቸውን ሲሰሙ ነው የሚዞሩት።»

ወንፊት ወጥታ መደቡን አየች። ተመልሳም ሦስቱን በሟቹ ክፍል ሰበሰበች።

«አዛውንቱ ጮኸው ቢሆን በሬዎቹ ይዞሩ ነበር» አለች። «ሽንኩርቱ ግን ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጧል፤ ከመጀመሪያው ትልም ጀምሮ። በሬዎቹ ድምፅ ጠብቀው ሲያጡ አለፉ። አንተ ሐሳብህ እዚህ አልጋ ላይ ቀርቶ አላስተዋልክም። ጧሪ ሆነህ፣ ዝም ሲሉ ምን ነካቸው ብለህ ገብተህ አላየህም። ከዚያ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ጮሁብኝ አልክ፤ ጥርጣሬው በልጆቻቸው ላይ እንዲወድቅ። እንደማይጮሁ ታውቅ ነበር። አይደለም? መልስ!»

ቃሉን ሲሰማ አራሹ ዘሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ስንት ዓመት ገላቸውን አጥቤያለሁ!» አለ መሬት ላይ ተቀምጦ። «የእንጀራ ገመዴን በጥሰው ሊሄዱ... ልጆቼን ምን ላብላቸው? ጎህ ሳይቀድ ገባሁ፤ ጨለማ ነበር።»

ወንፊት ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሻንጣውን የፈታው ማነው?»

«አባባ ራሳቸው። ወንድሜ ከተኛ በኋላ ‹የለመድኩት እጅ ይሻለኛል፤ አልሄድም› አሉኝ። ‹ለአራሹ ጠዋት እኔው ልንገረው፣ ሲደሰት ልየው› ስላሉ ዝም አልኩ።»

አራሹ ቀና ብሎ ምስማሩ ላይ የተሰቀሉትን ልብሶች አየ። ለመንገድ ብሎ ያጠባቸው እሱ ነበር።