ሦስተኛው ቅጂ

«ግራጫ ኮት ለማስተኮስ ሰጥቼ ነበር።»

«ግራጫ የለም። ቡናማ ነው ያለው።»

«ቡናማም ያሞቃል።»

የላውንደሪው ባለቤት ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከተው። ብናኝ በላስቲክ በተሸፈኑ የሰው ልብሶች መሀል ተሹለክልኮ ገባ። ብናኝ የሥራ ስሙ ነው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም ነበረው፤ ከተጠቀመበት ግን ቆይቷል።

አጎት ካውያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። አጎትም የማንም አጎት አይደለም፤ ብናኝን የሚያሰማራው አለቃ ነው።

ብናኝ ከኮቱ ሥር አንድ ጥቅል የድሮ ቴፕና አንድ ሃርድ ዲስክ አወጣ። «ዋናውና የመሥሪያ ቤቱ ቅጂ።»

«ሦስተኛውስ?»

«የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

አጎት ብርቱካኑን መላጥ አቆመ። «‹እሳቸው› ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ብናኝ ቴፑንና ዲስኩን ካውያው አጠገብ አስቀመጠ።

ብናኝ ተቀጥሮ ሰርጎ የገባበት የድምፅ ቤተ መዛግብት ደንብ ነው። የተቀዳ ድምፅ ሁሉ ሦስት ቦታ ይኖራል፤ በጥንቱ ቴፕ፣ በሕንፃው ኮምፒውተር፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሕንፃው ውጭ፣ ኃላፊዋ ብቻ በሚያውቁት ሥፍራ። እሳት ቢነሳ፣ ጎርፍ ቢመጣ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። ስለ አጎት የሚለው ነገር የለም።

ቴፑ ላይ «የሠርግ ዘፈኖች» ተብሎ ተጽፏል። እውነትም የሠርግ ዘፈኖች ናቸው። በሁለቱ ዘፈኖች መሀል ግን ማይክሮፎኑ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ያኔ ሬዲዮ ጣቢያውን ይጠብቅ የነበረ አንድ ወጣት መኮንን በስልክ ሲያዝዝ ይሰማል። «ከምሳ በፊት ጨርሷቸው። ሬሳ ለቤተሰብ እንዳትሰጡ።» ከዚያ እልልታው ይቀጥላል። ያ መኮንን ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ቤተ መዛግብቱን መርቆ የሚከፍተውም እሱ ነው። ከምሳ በፊት ከተጨረሱት አንዱ የኃላፊዋ ባል ነበሩ። ኃላፊዋ ያንን ድምፅ በምረቃው ዕለት፣ በእንግዶች ፊት፣ ሊያሰሙት ቆርጠዋል።

«ከምረቃው በፊት አምጣው» አለ አጎት። «ካመጣኸው ሴትዮዋን የሚነካት የለም። ካላመጣኸው እኛው እንጠይቃታለን። አጠያየቃችንን ታውቃለህ።»

ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ወለሉን አጥቧል።

*

ኃላፊዋን እትዬ ክር ይሏቸዋል፤ የተበጠሰ ቴፕ እንደ ክር ስለሚቀጥሉ። ብናኝ ሲገባ ከትንሿ ምድጃ ቴፕ እያወጡ ነበር። ያረጀ ቴፕ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ለብ ባለ ሙቀት ይደርቃል።

«ና እስቲ ዝምተኛው፣ ተቀመጥ። ዛሬ ጉድ ነው የጋገርኩልህ» አሉት።

ሊቀጠር በመጣ ቀን አንድ ውሸት ነግሯቸው ነበር፤ እናቴ ልጅ ሳለሁ ሞታለች፣ አንድ ጊዜ ሬዲዮ ላይ ዘፍናለች፣ ድምፅዋን ግን አላስታውሰውም ብሎ። ከሥልጠናው የተማረው ነው፤ ሰው የሚያዝንለትን ሰው አይጠረጥርም። እትዬ ክር ያንን ድምፅ ከያኔ ጀምሮ በትርፍ ጊዜያቸው ሲፈልጉ ከርመዋል። ማንም ስሙን ያልጻፈበትን ቴፕ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ሰምተዋል።

ቁልፉን ተጫኑ። መጀመሪያ የራሱ የብናኝ ድምፅ መጣ። ይህም የቤቱ ደንብ ነው፤ ቴፕ ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳ ሰው በቅጂው መግቢያ ላይ ስሙን በገዛ ድምፁ ይናገራል። ስሙ የውሸት ነው። ድምፁ ግን የራሱ ነው። ቀጥሎ አንዲት ሴት በቀስታ ጀመረች።

«ነፋሱም ተኝቷል፣ በሩም ተኝቷል፣
አንተን ብቻ እንቅልፍ የት ጥሎህ ሄዷል?»

«ራስህ ቀድተኸው እኮ አላወቅካትም» አሉ እትዬ ክር። «መጨረሻ ላይ ያለው ሳቋ ያንተ ነው። ስሚው ብዬ እህቴንም አሰማኋት፤ መግቢያው ላይ ድምፅህን ሰምታ ቁርጥ እሷ አለችኝ።»

ማልቀስ ነበረበት። አለቀሰ። ማቆም ግን አቃተው፤ ይህንን ከሥልጠናው አልተማረውም።

ትኩሱን ቴፕ በያዙበት ፎጣ ጥግ ፊቱን ጠረጉለትና ወንበራቸውን አስጠጉ። ሰው ነኝ፣ ነገ የሚሆነው አይታወቅም፣ አንድ ልጅ ማወቅ አለበት አሉት። ሦስተኛው ቅጂ እህታቸው ዘንድ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ጋ፣ በስፌት መኪናው መሳቢያ፣ ከቁልፎቹ ሥር።

*

ልብስ ሰፊዋ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የእናቱ ዘፈን የተገኘለት ልጅ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እትዬ። ዲስኩን አምጣልኝ ብለው ልከውኝ ነው።»

ሌላ አልጠየቀችውም። ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ሱሪህ ረዝሟል፣ ስትመለስ አሳጥርልሃለሁ አለችው።

በዚያው ቀን ዲስኩ አጎት እጅ ገባ። አጎት አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ነገ እንደ ወትሮው ሥራህን ግባ።

ገባ።

ረፋዱ ላይ ሦስት ሰዎች መጡ።

አንደኛው በሩ ላይ ጫማውን በደንብ ጠረገ። ጨዋ ሰዎች ናቸው። ኮምፒውተሮቹን ነቀሉ፤ ቴፖቹን በሳጥን በሳጥን ጫኑ። ምድጃዋንም ጭምር ወሰዱ።

እትዬ ክርን ክንዳቸውን ያዟቸው። ብናኝ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እሱን ተዉት» አሉ እትዬ ክር። «አዲስ ሠራተኛ ነው፤ ምንም አያውቅም።»

በአጠገቡ ሲያልፉ መነጽራቸውን ጣሉ። አብረው ጎንበስ አሉ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት በሹክሹክታ። «ሦስተኛው አለ።»

ብናኝ መነጽሩን አቀበላቸው።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

*

አጎት አውቶቡስ ተራ አግዳሚው ላይ አዲስ መታወቂያና ትኬት ይዞ ጠበቀው።

«የሚነካት የለም ብለውኝ ነበር» አለ ብናኝ።

«ቅጂው ውጭ እስካለ ድረስ ማን ይነካታል? ብትታሰር እህቷ ታወጣው ነበር። ጋሻዋ እሱ ነበር፤ አንተ ነህ ገፍፈህ ያመጣህልን። እህቷንም አብረን ወሰድናት፣ ብቻዋን እንዳይደብራት።»

ብናኝ ከሦስተኛው ዲስክ አንድ ዘፈን ብቻ እንዲተዉለት ለመነ። አንድ ብቻ።

«የቱን?»

«የእናቴን።»

አጎት ከልቡ ሳቀ። «እናትህ እኮ አለች። ባለፈው ወር ጉልበቷን አሳክመንልሃል።» ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «ደሞም ከዚያ ዲስክ አንድም አልቀረም። የታዘዝነው አንድ ቴፕ ነበር። ግን መግቢያው ሁሉ ላይ ድምፅህ አለ። ላንተ ስንል ሁሉንም አቀለጥነው። እግዜር ይስጥልኝ አይባልም?»

በጣቢያው ቴሌቪዥን ትልቁ ሰውዬ ሪባን ሲቆርጥ ይታያል። ከጀርባው ያሉት ኮምፒውተሮች አዳዲስና ባዶ ናቸው። ድምፅ የሌለው ሕዝብ ታሪክ የለውም አለ። እንባውን በመሀረብ ጠረገ። ተጨበጨበለት።

አውቶቡሱ ተነሣ። ብናኝ አሁን ሌላ ስም አለው፤ የውኃ ፓምፕ ሻጭ ሆኗል። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ሕፃኗ አልተኛላት ብሎ ታባብላለች። ብናኝ ሳያስበው ማንጎራጎር ጀመረ። ሕፃኑ ዝም አለ።

«ደስ ሲል» አለች ሴትየዋ። «የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«ቀጥላ እስቲ፣ ሊተኛልኝ ነው።»

አፉን ከፈተ። ነፋሱ ተኝቷል፣ በሩ ተኝቷል፣ እንቅልፍ የት ጥሎህ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ እያለቀሰ ነበር።

ሕፃኑ እንደገና ማልቀስ ጀመረ።