አፈትልኮ በወጣው ፎቶ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች

እናቴ ማታ ቤት ውስጥ ፉጨት ከሰማች «ተዉ፣ ምን ልትጠሩብን ነው!» የምትል የጎንደር ሴት ናት፣ እኔ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እየሳቅሁ ነው ያሳለፍኩት፣ መብራት ከጠፋ ሽቦው ነው፣ በር ከተንኳኳ ነፋሱ ነው የምል ሰው ነኝ፣ አሁንም እንዲያ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ ይቺ ልጅ ወሬ ማሳመር ትወዳለች አትበሉኝ፣ እመኑኝ፣ ከራሴ የጨመርኩት ነገር የለም።

የምንኖረው ከሃይፋ ወጣ ብላ በምትገኘው ቲራት ካርሜል ነው፣ እኔና እናቴ ብቻ። እሷ ወደቡ አካባቢ ባለ ፋብሪካ በጽዳት ትሠራለች፣ እኔ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር መማር ጀምሬያለሁ። ላፕቶፔ አርጅቶ አስተማሪው እየተናገረ ድርግም ይልብኛል፣ አዲስ ልገዛ ስል ግን አብሮኝ የሚማረው የአክስቴ ልጅ አቪ «ቆይ፣ አትቸኩዪ፣ አዲሱ ሞዴል ሊወጣ ነው» አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ የሁለታችን ሥራ አፈትልከው የሚወጡ ፎቶዎች የሚለጠፉበት የስልክ ግሩፕ ገብቶ ፎቶዎቹን ማሳደድ ሆነ። ማጠፊያው ብረት ነው ፕላስቲክ፣ የቻርጀሩ ቀዳዳ በግራ ነው በቀኝ፣ ቀለሙ ግራጫ ነው ወይስ ፎቶው ነው የጨለመው፣ እንዲህ እያልን ገና ስላልተሠራ ዕቃ እንጣላ ነበር።

እናቴም የራሷ የምትጠብቀው ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ፈንታሁን እዚያው ጎንደር ሆኖ ወደ እስራኤል የሚመጣበትን ቀን ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል፣ እሷም «ፈንቴ ሲመጣ» ሳትል የዋለችበትን ቀን አላስታውስም፣ ሸሚዝ ትገዛለታለች፣ ብርድ ልብስ ታስቀምጥለታለች፣ የሱን ጉዳይ ከነካችሁባት ዓይኗ ወዲያው እንባ ይሞላል።

ያን ቅዳሜ ሰንበት ወጥቶ ከዋክብት እንደታዩ፣ እኛ ቤት የነበረው አቪ ክፍሌ ውስጥ ስልኩን ከፈተና «ነይ፣ ነይ! አዲስ ፎቶ!» ብሎ ጮኸ። ፎቶው ላይ አዲሱ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ቆሟል፣ ስክሪኑ አልበራም፣ ጥቁር ነው፣ በጥድፊያ የተነሳ ፎቶ መሆኑ ያስታውቃል።

«ስክሪኑ የሚያንጸባርቅ ነው፣ አላልኩሽም?» አለኝ።

«አያንጸባርቅም ተብሏል እኮ።»

«አጉልተሽ እዪ! የሚያንጸባርቅ ከሆነ ፎቶ ያነሳው ሰው ፊት ይታያል።»

በራሴ ስልክ ከፍቼ በጣቶቼ አጎላሁት። ልክ በዚያን ጊዜ ሳሎን ውስጥ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ከባድ ሰው ሊቀመጥ ሲል እንደሚጎትተው። እናቴ ናት ብዬ ወጣሁ፣ ሳሎኑ ባዶ ነው፣ እናቴ ገላዋን እየታጠበች ነው፣ ውኃው ይሰማል። ተመልሼ ፎቶውን አየሁ።

ሰዎች ነበሩበት። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ሰዎች በነጭ የፕላስቲክ ወንበር ግድግዳውን ተደግፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው አይለይም፣ ከኋላቸው ግን መስኮት አለ፣ መጋረጃው እናቴ በእጇ የሰፋችው የእኛው መጋረጃ ነው። ከፊታቸው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ። ነጠላ መቼ እንደሚዘቀዘቅ ታውቃላችሁ፣ ለሐዘን ካልሆነ ማንም እንዲያ አይለብስም።

«አቪ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«የምን ሰዎች? ጥቁር ነው። በቃ፣ አታስፈራሪኝ፣ ስልክሽን ጥረጊው።»

እናቴ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ገባች፣ በእጇ ሰማያዊ ሸሚዝ ይዛለች። «ልጄ፣ ይህ ቀለም ለፈንቴ ይሆናል? ዓርብ ብደውል ብደውል አላነሳም፣ እዚያ መቼም ኔትወርክ የለ» አለች። «ይሆናል እማ፣ ያምርበታል» አልኳትና ወደ ደረጃው ወጣሁ።

የደወልኩት ክርያት ሞጽኪን ለሚኖሩት ለአባ ታረቀኝ ነው፣ ከጎንደር ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው። «አባ፣ ሰንበትን እንዴት ዋሉ? አጎቴ ፈንታሁን ደኅና ነው?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

እናቴ እንዳትሰማ አንድ ፎቅ ወረድኩ።

«የምናውቀው እኔና ቄሱ ብቻ ነን። ሰንበት ነውና ዝም አልን፣ ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዘን እንመጣለን። አደራሽን የኔ ልጅ፣ ፊትሽን ጠብቂ፣ መርዶ ከልጅ አፍ አይሰማም።»

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፣ ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ አጠገብ ቆሞ ነው የሚረዳው፣ ቀድሞ ያወጣው ሰው ውርደቱ አይለቀውም። እናም ተመልሼ ገባሁ፣ ከእናቴ ጋር እራት በላሁ፣ የሟችን ሸሚዝ አብሬያት አጠፍኩ፣ «እጅጌውን እንዲህ» ስትለኝ «ቤሰደር እማ፣ እሺ» አልኩ። እሷ ድንገት ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«ላይኞቹ ዛሬ ምን ነካቸው፣ ወንበር ሲጎትቱ አመሹ።»

እኛ እኮ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነን።

በማለዳው መጡ። የእናቴን ጩኸት አልጽፈውም። ከምኩራቡ ነጭ ወንበሮች መጥተው እዚያው ባየሁበት ግድግዳ ሥር ተደረደሩ፣ ፍራሽ ተነጠፈ፣ አክስቴ የእናቴን ነጠላ ራሷ አዘቀዘቀችላት። አባ ታረቀኝ ወጥ ቤት ጠርተው «ከእኛ መሐል አፉን ያልጠበቀው ማን ነው? ንገሪኝ፣ አልቆጣም» ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው፣ እሳቸውም «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» ብቻ አሉ።

አልነገርኳትም፣ ሁሉን የነገርኩት አቪ ግን አላስቻለውም፣ ሐዘኑ ጋብ ሲል ነገራት። ትቆጣኛለች፣ እያወቅሽ ሸሚዝ አሳጠፍሽኝ ትለኛለች ብዬ ነበር፣ እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «ከተቀመጡት መሐል ፈንቴ ነበረ?»

«ፊታቸው አይለይም ነበር እማ።»

«እንግዲያው ደግመሽ ፈልጊልኝ። በዓይነ ሥጋ ሳላየው ነው የሄደብኝ።»

እኔ ከግሩፑ ወጥቻለሁ፣ አንድም ፎቶ አልከፈትኩም። እናቴ ግን፣ መልእክት እንኳ እኔ ነበርኩ የምከፍትላት፣ አሁን አቪን ለምና ግሩፑን ስልኳ ላይ አስገብታለች፣ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ የላፕቶፕ ፎቶ ታጎላለች። ማጠፊያውንም ቀለሙንም አታይም፣ ጥቁሩን ብቻ። «እማ፣ ምንም የለም እኮ» ስላት «እሺ» ትለኛለች፣ ጣቷ ግን አያቆምም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰንበት እንደወጣ ጠራችኝ፣ ፊቷ ፈክቶ ነበር።

«ነይ፣ አየኋቸው! ሳሎናችን ነው። ፈንቴን ገና አላገኘሁትም፣ ግን ይኸው አክስትሽ አለች፣ አቪ አለ፣ አባ ታረቀኝ አሉ፣ እኔም ፍራሹ ላይ ነኝ፣ ነጠላዬን…»

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው በጣቷ ሄደች፣ እንደገና ሄደች።

«አንቺ የት ነሽ?» አለችኝ።

ስልኩን ተቀብዬ አየሁ። ጥቁር ነበር፣ ጥቁር ብቻ።

«ወጥ ቤት ሆኜ ይሆናላ፣ እንግዳ እያስተናገድኩ» አልኳት።

«አዎ» አለች፣ «ወጥ ቤት ነሽ።»

የመጀመሪያው ፎቶ መርዶውን ቀድሞ እንደታየ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ፎቶ አላጎላችም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ነገ ማለዳ ሥራ አላት፣ ግቢና ተኚ ብላት እንቢ ብላለች፣ ውኃ ልጠጣ ስነሳም አብራኝ ትነሳለች።