የፈራሚዋ አሟሟት

ሌኖር ስትራውድ ወንበሯ ላይ ሬሳ ሆና ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ስትቀመጥ በሯን ያንኳኳ አንድም ሰው አልነበረም። ምክንያቱ ደግሞ ጨዋነት ነው። በዚያ የሥነ ልቦና ምክር መስጫ ቤት ከእያንዳንዱ በር ውጭ፣ ወለሉ ላይ፣ ሽሽ የምትል ትንሽ ማሽን ትቀመጣለች። ውስጥ የሚወራው ገመና ኮሪደሩ ላይ እንዳይሰማ እንደ ካፊያ ታንሾካሹካለች። እሷ ሽሽ ካለች ውስጥ አንድ ሰው ልቡን እየገለጠ ነው ማለት ነው፤ አይንኳኳም። ሰባት ሰዓት ላይ ለሐሙስ ስብሰባቸው የመጡት ሦስቱ ተለማማጆች ማሽኗን ሰምተው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሬሳ ደጅ ጠኑ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ ያለቀው እንግዳ ተቀባይዋ ሚስ ዶቲ ገፍታ ከፈተችው።

የበር መያዣው ድንጋይ ምንጣፉ ላይ ወድቋል። የሴትዮዋ ራስ ከኋላ ተመትቷል።

የካውንቲው መርማሪ ኦርቪል ታከት ሲደርስ መጀመሪያ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አጭር ጸሎት አደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩን ያወጣው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም። የሚያውቀውን ያወቀው ከከተማው ቤተ መጻሕፍትና በዲያቆንነቱ፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ከሚያዳምጣቸው በሽተኞች ነው።

«ወንድም ታከት፣ እንኳን አንተን ላከልኝ» አለች ሚስ ዶቲ። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። «ሌላው ቢሆን ከእነዚህ ጋር አይግባባም። እዚህ ቤት ደህና አደርሽ ስትዪያቸው 'ይህን ስትዪ ምን ተሰማሽ' ይሉሻል።»

«ምን ነበረች ለእነሱ፣ ሚስ ዶቲ?»

«ፈራሚያቸው። ማኅበራዊ ሠራተኛ ብቻውን ታካሚ ይዞ ቴራፒስት ለመባል በሱፐርቫይዘር ሥር ሦስት ሺህ ሰዓት መሥራት አለበት። እሷ ታዳምጣለች፣ ታርማለች፣ በመጨረሻ በቅቷል ወይም አልበቃም ብላ ለፈቃድ ቦርዱ ትጽፋለች። ራሷ አሽጋ ነው የምትልከው፤ ለእነሱ አታሳይም። ዛሬም ሁለት ፖስታ ደጇ ላይ ካለው ቅርጫት ወስጄ ልኬላታለሁ።»

«መቼ?»

«አምስት ሰዓት ካለፈ አሥር ደቂቃ ላይ ወጣሁ። አንዷ ተለማማጅ፣ ራሞና፣ ገና እሷ ጋ እንደገባች። ስመለስ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር።»

«ሰው ይወዳት ነበር?»

ሚስ ዶቲ አፏን ጠመም አደረገች። «እሷን? ቀይ እስክሪብቶዋ እንኳ አይወዳትም።»

*

ታከት ከሦስቱ ተለማማጆች መጀመሪያ ያነጋገረው ግራንት ሆልኮምን ነው። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ድምፁ እንደ ቀለጠ ቅቤ የለሰለሰ። እግሩን አጣምሮ፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ የሚመረመረው መርማሪው እስኪመስል ድረስ በሐዘኔታ ያየው ጀመር።

«ይህ ሥራ ለእርስዎም ከባድ መሆን አለበት፣ መርማሪ።»

«እንጀራዬ ነው። አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ፤ ማስታወሻ ስጽፍ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ራሞና እያለቀሰች ስትሮጥ በመስኮት አየኋት። መፍረድ አልፈልግም። ግን ውስጧ ያልተነካ ቁጣ አለ። ባለፈው ወር ሌኖር ጽሑፏን በሁላችንም ፊት ቀዳዳባታለች። ለራሞና ብዬ ነው የምነግርዎት።»

«ለእሷ ብለው።»

«ልክ ነው።»

«እርስዎስ? ከሦስት ሺሁ ስንት ሰዓት ይቀርዎታል?»

ግራንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስብ መለሰ። «ስድስት። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት አለኝ፤ ዛሬ ጠዋት የሠራኋቸውን ሁለቱን ጨምሮ።» ወዲያው ድምፁን መልሶ አለሰለሰው። «ዛሬና ነገ እጨርሰው ነበር። ግን የምንሠራው በእሷ ፈቃድ ጥላ ሥር ነው። እሷ ከሞተች ሌላ ፈራሚ እስኪመደብ ታካሚ ማየት ክልክል ነው፤ ያየ ሰው ፋይሉ ይበላሻል። ስለዚህ ሬሳውን እንዳየን የከሰዓት ታካሚዎቼን ደውዬ አስቀረሁ። ኃላፊነት ነው።»

«እንዲህ ባለ ሰዓት እሱን ማስታወስዎ» አለ ታከት፣ እየጻፈ።

ግራንት ምስጋና መሰለውና አንገቱን ደፋ።

ሁለተኛው ኬልቪን ማድሪ ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ቀልድ የማይጨርስ።

«እኔ ጓሮ ሲጋራ ሳጨስ ነበር። ምስክሬ አንዲት ድመት ናት፣ እሷም አትወደኝም።»

«ስትራውድን ትጠላት ነበር?»

«በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከሰባት እስከ ስምንት። ሌላ ቀን ጊዜ የለኝም።» ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «መርማሪ፣ እውነቱን ልንገርህ? ሴትዮዋ ክፉ ናት። ግን ታዳምጣለች። ታካሚዬ ያለውን ቃል በቃል ጽፌ ሳመጣላት፣ እኔ ሳልሰማ ያለፍኩትን ከወረቀቱ ላይ ትሰማዋለች። እዚህ ቤት ሰው መስሎ የሚያዳምጥ ሞልቷል። የሚሰማ እሷ ብቻ ነበረች።»

ራሞና ዲልስ የወረቀት ኩባያ እያሻሸች ተቀመጠች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ከዚህ በፊት ከሚደበደቡበት ቤት ሕፃናት የምታወጣ ሠራተኛ ነበረች።

«ለምን አለቀሱ?» አላት ታከት።

«በቅተሻል አለችኝ።»

«ለዚህ ይለቀሳል?»

«እሷን አያውቋትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መልካም ቃል ከአፏ አልወጣም። ባለፈው ወር ጽሑፌን የቀደደችው ታካሚዬ ዝም ሲል እኔ ዘልዬ ስላወራሁ ነው። 'ዝምታው የእሱ ነው፤ ለምን ሰረቅሽው?' አለችኝ። ዛሬ ገባሁ፤ ቀና ሳትል 'ወረቀትሽን ፈርሜያለሁ፣ ሂጂና ሥሪ' አለችኝ። አመሰግናለሁ ማለት እንኳ አቃተኝ።»

«ሲወጡ ማሽኗ?»

«አጠፋኋት። ሰው ሲወጣ ይጠፋል፤ ልማድ ነው።»

ከበሩ ሥር ቆሞ ሲያዳምጥ የነበረው ሸሪፍ ልዊት ሳቀ። ትልቅ ሆድና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። «ወረቀቱ የታለ? ክፍሉን በርብረነዋል። ምንም የተፈረመ ወረቀት የለም። ስሚ አንቺ፣ ውስጥ የገባሽ የመጨረሻ ሰው አንቺ ነሽ፣ እያለቀስሽ የወጣሽው አንቺ ነሽ፣ የተዋረድሽው አንቺ ነሽ።»

«ሸሪፍ» አለ ታከት ረጋ ብሎ፣ «እስከ ነገ ቀትር ይስጡኝ።»

«እስከ ነገ ቀትር። ከዚያ በካቴና ትሄዳለች፤ ልጆቿንም ቦታ ፈልጉላቸው።»

ራሞና ኩባያውን ጨመቀችው፣ ቡናው እጇ ላይ ፈሰሰ። በክስ ስሟ የተነሳ ማኅበራዊ ሠራተኛ ፈቃድ አያገኝም። ከሰው ቤት ልጅ ስታወጣ የኖረች ሴት የራሷን ልጆች ማን ይዞ እንደሚወጣ አሳምራ ታውቃለች።

*

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ታከት ከሚስ ዶቲ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ሳለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገባ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጫማው ላይ ጭቃ አለ። ቢጫውን የፖሊስ ገመድ አየና ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ።

«ሚስተር ሴየር፣ ዛሬ ቀጠሮ የለም እኮ» አለችው ሚስ ዶቲ። «አልተደወለልዎትም?»

«ተደውሎልኛል፣ እመቤቴ። ሆልኮም ራሱ ደወለ። 'ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር ገጥሞኛል፣ ዛሬ አልችልም' አለኝ።» ወለሉን አየ። «ሚስቴን የቀበርኩበት ቀን ነው። ሙት ዓመቷ። ቤት መቀመጥ አቃተኝ፤ መኪናዬን አስነስቼ መጣሁ። እዚህ ወንበር ላይ ብቀመጥ ይከለከላል?»

«ማንም አይከለክልዎትም» አለ ታከት፣ ወንበር ስቦለት። አጠገቡ ተቀመጠና ስለ ሚስቱ ጠየቀው። ሽማግሌው ሃያ ደቂቃ አወራ፤ ታከት አንድም ጊዜ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ብቻ «ሆልኮም ሲደውል ምሳ በልተው ነበር?» አለው።

«ምሳ? ገና አልደረሰም። ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነበር። የቤት ስልኬ ላይ ሰዓቱን ይጽፈዋል፤ የልጄ ስጦታ ነው፣ እኔ እንዲህ ያለውን አልወድም።»

«ቤትዎ ድረስ መጥቼ ባየውስ?»

«ኬክም አለ። ጎረቤቶች እያመጡ ከመሩብኝ።»

ታከት ሄደ። ኬኩን በላ፣ ስልኩንም አየ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ፈቃድ ቦርዱ ደወለ። ሚስ ዶቲ በፈጣን ፖስታ የላከቻቸው ሁለቱ ፖስታዎች ደርሰው ነበር። ጸሐፊዋ ከፍታ አነበበችለት፣ ቅጂውንም ላከችለት። ታከት አንብቦ ባርኔጣውን አነሳ።

*

ዓርብ ቀትር ላይ ሁሉም በስብሰባ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ወንበሮቹ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተዋል፤ በየሁለት ወንበሩ መሐል ሶፍት ተቀምጧል፤ ለማን እንባ እንደሆነ ባይታወቅም። ሸሪፉ ካቴናውን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ጀምር» አለ። «ቀትር ነው።»

«ከማሽኗ ልጀምር» አለ ታከት። «ሌባ ወይም የውጭ ሰው ገድሎ ቢወጣ ይሮጣል። ይህ ገዳይ ግን ማሽኗን ሽሽ እንዳለች ትቷት ሄደ፤ ማንም እንደማያንኳኳ ያውቃል። ስለዚህ የቤቱ ሰው ነው። ሚስ ዶቲ ፖስታ ቤት ነበረች፤ ታይታለች። እናንተ ሦስታችሁ ቀራችሁ።»

«ድመቷን እንዳትረሳት» አለ ኬልቪን። ማንም አልሳቀም።

«ሁለተኛ፣ ምክንያት። እህት ራሞና ተፈርሞልኛል አለች፤ ክፍሉ ውስጥ ወረቀት ስለጠፋ ውሸታም ተባለች። ወረቀቱ የጠፋው እሷ ከመግባቷ በፊት ታሽጎ ደጅ ቅርጫት ውስጥ ስለነበረ ነው። ትናንት ተልኮ ዛሬ ደረሰ። ቅጂው ይኸው፤ በቅታለች ይላል። የምትፈልገውን ሁሉ የሰጣትን ሰው የምትገድልበት ምክንያት የለም።»

ራሞና አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ፖስታው ግን ሁለት ነበር» አለ ታከት። «ሁለተኛው ስለ እርስዎ ነው፣ ሚስተር ሆልኮም። ላንብበው? 'ሰዓት ይለቅማል፤ ሰው አያይም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሳይሰማ የተቀመጠበት ሰዓት ሁሉ እንዳይቆጠርለት እጠይቃለሁ።'»

ግራንት ራሱን ዘንበል አደረገ። «ሌኖር የራሷን ቁስል በእኔ ላይ ስታንጸባርቅ ነው የኖረችው። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

«ከራሷ አፍ ሰምተውታል። ያንን የነገረኝ የደወሉበት ሰዓት ነው።» ታከት ደብተሩን ገለጠ። «ስትራውድ መሞቷ የታወቀው ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። እርስዎ ከዚያ በኋላ ታካሚዎችዎን ደውለው እንዳስቀሩ ነገሩኝ። ያስቀሩት ግን ለስድስት ሃያ ጉዳይ ነው። ስድስት ሰዓት ብቻ የቀረዎት፣ አንዷን ሰዓት እንደ ወርቅ የሚቆጥሩ ሰው፣ ሙሉ ከሰዓትዎን ጣሉ። ለምን? ፈራሚ የሌለው ሰዓት እንደማይቆጠርና ፋይል እንደሚያበላሽ ስለሚያውቁ። ፈራሚዋ አለመኖሯን በዚያ ሰዓት የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ይህ የታካሚ ምስጢር ነው!» ግራንት ተነሳ፤ ቅቤው ከድምፁ ላይ ረግፏል። «የትኛውም ፍርድ ቤት...»

«ምስጢሩ የታካሚው ነው። የነገረኝ እሱ ነው፤ ስልኩንም ያሳየኝ እሱ ነው።»

«የቱ ታካሚ?»

ታከት ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ንቀት አየው። «ሦስት ሰዎች ነው ያስቀሩት። ከሦስቱ ትናንት የሚስቱ ሙት ዓመት የነበረው የቱ ነው?»

ግራንት አፉን ከፈተ። ዓይኑ ውስጥ የሚታየው ስም ፍለጋ ነበር፤ አላገኘውም። ሽማግሌው ለሰባት ወራት በየሐሙሱ ፊቱ ተቀምጧል።

«ሴትዮዋን የገደላት ለቀሩት ስድስት ሰዓቶች ብሎ ነው?» አለች ሚስ ዶቲ። «አምላኬ!»

«ሌላ ሱፐርቫይዘር ይፈርምልኝ ነበር» አለ ግራንት። ለማንም አልነበረም የሚናገረው። «ደብዳቤውን ቀድደሽ ጣዪው አልኳት፤ ሄዷል አለችኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ መጻፍ ቀጠለች። ሦስት ሺህ ሰዓት! ዕንጨት ስትለቅም ኖረህ አንድ ቀን እሳት አላነደድክም አለችኝ።»

ሸሪፉ ካቴናውን አወጣ። ግራንት እጆቹን ሰጠ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ታከት ዞረ፤ ፊቱ በእውነት ተጨንቋል።

«የትናንት ጠዋቶቹ ሁለቱ ሰዓታት ግን ይቆጠራሉ አይደል? በሕይወት ነበረች።»

የሸሪፉ ምክትል ክንዱን ይዞ አወጣው።

ታከት ቅጂውን ለራሞና ሰጣት። ከፊርማው በላይ በዚያ በታወቀው የተጣደፈ ጽሕፈት አንድ መስመር ብቻ አለ፤ «ዝም ማለት ተምራለች፤ ፈቃዱን ስጧት።» ራሞና ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሸሪፍ ልዊት ጉሮሮውን ጠራረገ፣ እጁን ዘረጋ። «መቼም ትረጂኛለሽ። ሥራዬ ነው። ቅር እንዳይልሽ።»

ራሞና የተዘረጋውን እጅ አየችው። የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ እየቆለፈች፣ ሳትቸኩል፣ ሸሪፉ እጁን ራሱ እስኪመልስ ድረስ ጠበቀች።

«ሦስት ሺህ ሰዓት የሰው ነገር ሰማሁ፣ ሸሪፍ» አለችው። «እርስዎ አንድ ደቂቃ አልሰጡኝም። ልጆቼ ከትምህርት ቤት የሚወጡበት ሰዓት ደርሷል፤ ከበሩ ላይ ዞር ይበሉልኝ።»

ዞር አለላት።